ኮምጣጣ መሬትና ያልተነገረው ምክንያት

በአገራችን የግብርና ውይይቶች ከሚደጋገሙ ሐረጎች አንዱ «የአርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ነው። ምርት ሲቀንስ፣ ገበሬው ማዳበሪያ ለመውሰድ ሲያመነታ፣ የተሰጠውን ኖራ ሳይበትነው ሲቀር ጥፋቱ በቀላሉ ወደ ግንዛቤ ይላካል። ለመሆኑ ገበሬው እንዲገነዘብ የተፈለገው ምኑን ነው? መመሪያውን ወይስ የመመሪያውን ምክንያት? በእኛ አስተያየት እስካሁን በአመዛኙ የደረሰው መመሪያው ብቻ ነው።

የአፈርን አሲዳማነት እንውሰድ። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል፤ የሚብሰውም ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብ፣ የሰሜን ምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ አዝመራውም ከነገለባው ከማሳው ይወጣል። የፒኤች መጠኑ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስንም አስሮ ያስቀራል። መለኪያው ሎጋሪዝማዊ ስለ ሆነ ከ6 ወደ 5 መውረድ ማለት አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ለብዙ ዓመታት የኤክስቴንሽኑ ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ የሚል፣ የአፈሩን ዓይነት የማይጠይቅ አንድ ወጥ ቁጥር ነበር። በኮምጣጣ ማሳ ላይ ግን አብዛኛው የዳፕ ፎስፈረስ በአፈሩ ተይዞ ይቀራል፤ ዩሪያውም ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ራሱ አሲድ ይፈጥራል። በብድር ገዝቶ ያልተካሰ ገበሬ «መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ» ይላል። በዚህ አነጋገር የሚስቁ የተማሩ ሰዎች አሉ። እኛ ግን እንደ ምልከታ ስንመዝነው የሚያስቅ ነገር አላገኘንበትም፤ የጎደለው የሂደቱ ማብራሪያ ነው፤ እርሱን ማቅረብ ደግሞ የሳይንስ ሰዎች ድርሻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአገሪቱን አፈር በካርታ የማስፈር ሥራና ዳፕ ሰልፈር ባለው ኤንፒኤስ መተካቱ መልካም እርምጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ገበሬው ዘንድ ቀድሞ የደረሰው የአዲሱ ከረጢት ስም እንጂ የለውጡ ምክንያት አይመስለንም።

ኖራስ? ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ያስፈልጋል እንበል። ይህ ከላይ ካነሣነው የማዳበሪያ መጠን በክብደት 15 እጥፍ ነው። አንዲት አህያ 50 ኪሎ ግራም ብትጭን 60 ምልልስ ይሆናል፤ ለአንድ ጥማድ እንኳ 15። የኖራው ጥቅም ደግሞ በአንድ ክረምት የሚታይ ሳይሆን ለበርካታ ዓመታት የሚዘልቅ ነው። የሌላ ሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው በእጁ ስለ መቆየቱ እርግጠኛ ሳይሆን ይህን ሁሉ ቢደክም ለማን ነው? ይህን የግንዛቤ እጥረት ብሎ መጥራት ስሌቱን አለማወቅ ነው።

ገበሬው ራሱ መፍትሔ እንደሚፈልግ የአዊ ዞኗ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ታስረዳናለች። መሬታቸው ሰብል አልሰጥ ያላቸው ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክለው ጥቂት ዓመታት ያቆዩታል፤ ከዚያም ከሰል አክስለው ይሸጣሉ፤ በቦታውም መልሰው ሰብል ይዘራሉ። በቅርብ ዓመታት ግን ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ዛፉን መትቶታል። አሁን ለእነዚህ ገበሬዎች «ግንዛቤ» ይዞ ከመሄድ በፊት ጥያቄያቸውን ማድመጥ ይቀድማል።

ተማሪዎችስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ለክረምት ዕረፍት ወደ ገጠር የምትሄዱ ከቤተሰባችሁ ማሳ ከተለያዩ ቦታዎች አፈር ወስዳችሁ ቀላቅሉ። አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ተኩል ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፤ ሲረጋ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ በሚገኝ የፒኤች መለኪያ ወይም ወረቀት ለኩ። ውጤቱን ለአባታችሁና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ከነትርጉሙ ንገሩ። የኖራውን መጠን ግን ከዚህ ቁጥር ብቻ አታስሉ፤ እርሱ በአፈር ላቦራቶሪ የሚለካ ሌላ ልኬት ይጠይቃል።