የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበር የማን ነው?

«የተማሪ ማኅበር» የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይደነግጣሉ፤ ወላጅና የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪ። የወላጁ ድንጋጤ ምክንያት አለው። ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ አስከሬኑን ለመሸኘት በተሰበሰቡት ላይም ተተኮሰ። ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይፈቀድልን» ባሉ ጊዜ የፈሰሰው ደም ኀዘኑ ከብዙ ቤት ገና አልወጣም። የአስተዳዳሪው ድንጋጤ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ የሚፈራው ጥያቄውን ነው።

ለመሆኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ጎልማሳ፣ የቤት ኪራይ ከፋይ፣ የልጆች አባት ወይም እናት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ ይዞ ከክፍለ ሀገር የመጣ ነው። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ መሥሪያ ቤቱ «ተመለስ» ይለዋል፤ አማካሪው ግን ሦስተኛውን ምዕራፍ ገና አላነበበለትም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አንድ መምህር ቢበድለው በሚቀጥለው መንፈቅ ሌላ መምህር ያገኛል። የዚህኛው ዕጣ ግን በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል። አቤት ቢል አቤቱታውን የሚሰማው የአማካሪው የሥራ ባልደረባ ነው። ተማሪዋ ሴት ስትሆንና የአማካሪው ጥያቄ ከምዕራፍ ሦስት ሲያልፍ ዝምታው ምን ያህል እንደሚከብድ በግቢው ያለፈ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ የማኅበሩ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ተማሪ ብቻውን «ጽሑፌ አራት ወር ሳይነበብ ተቀመጠ» ቢል ነገረኛ ይባላል። ማኅበሩ «በየትምህርት ክፍሉ የተማሪ ረቂቅ ስንት ወር ይቀመጣል?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን በየመንፈቁ ቢያወጣ ግን ነገሩ የአስተዳደር ጉዳይ ይሆናል፤ የከሳሹም ስም አይጠራም። ይህን ለማድረግ መፈክር አያስፈልግም፤ መዝገብ ያስፈልጋል።

ጥላሁን በተገደለበት በዚያው በ1962 ዓ.ም.፣ መጋቢት ላይ፣ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ የሚያስተምሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በማኅበራቸው አማካይነት የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይተው ከዩኒቨርሲቲው ጋር የጽሑፍ ውል ፈረሙ። አብዛኛው የእኛ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ስላልሆነ ውሉ እንዳለ አይቀዳም። የኛዎቹ በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት ለራሳቸው አልነበረም፤ ክብራቸውም በዚያ ነው። ነገር ግን የአገርን ጥያቄ ሁሉ በትከሻው የተሸከመ ማኅበር አገር ስትናወጥ አብሮ ፈረሰ፤ የተማሪው የራሱ ጉዳይም ባለቤት አጣ።

ባለቤት ያጣው ቦታ ባዶውን አልቀረም። በኢሕአዴግ ዘመን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት እስከ መማሪያ ክፍል ዘልቆ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ የማየው ማኅበር ደግሞ ለምረቃ መጽሔት ገንዘብ የሚያዋጣ፣ የስንብት ግብዣ የሚያዘጋጅ፣ እንግዳ ሲመጣ አበባ የሚያቀርብ ነው። መጽሔቱን አልነቅፍም፤ እናቶች ይወዱታል። ዲኑ የመረጠው ተወካይ ግን ዲኑን ምን ብሎ ይጠይቃል?

«ማኅበር ከገባ ፖለቲካ ይገባል» የሚሉ አሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ማንም ሰው ለማንኛውም ዓላማ የመደራጀት መብት እንዳለው ተጽፏል፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዚህ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ደግሞስ ገዢውን ፓርቲም ተቃዋሚውንም ሳይነካ «አማካሪዬ ያንብብልኝ» የሚል ሰው የቱን ፖለቲካ አመጣ?

የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ። ዩኒቨርሲቲውም በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ራስ ገዝ ሆኗል። ከመንግሥት እጅ የወጣው ሥልጣን በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት የሚቆም ከሆነ የተለወጠው የፈራሚው ማኅተም ብቻ ነው። የማስተርስ ተማሪ ማኅበሩን ሳይለምደው ይሄዳል፤ ስለዚህ መዝገቡን መያዝ ያለባቸው ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩት የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። የሚያስፈልጋቸውም ቁልፉ በእጃቸው የሆነ አንድ ክፍል፣ በአባላት የሚመረመር ሒሳብና የድኅረ ምረቃ ጉዳይ በሚወሰንበት ጉባኤ ድምፅ ያለው መቀመጫ ነው። ይህን የሚከለክል ዩኒቨርሲቲ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ።