ርእሰ አንቀጽ፦ ገበሬው ሒሳብ ያውቃል
ስለ አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በግቢያችን ያልተነገረበት ጊዜ የለም። ይህ ሁሉ ፀሐይ እያለ ገበሬው የመስኖ ውሃውን በናፍጣና በቤንዚን ሞተር የሚስበው ስለ ምንድን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን አፍ ቶሎ የሚወጣው መልስ «አላወቀማ!» የሚል ነው። የዝግጅት ክፍላችን በዚህ አይስማማም። ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ነውና እስቲ ከገበሬው ወገን ሆነን እናስላው።

የሶላር ፓምፕ ዋጋ ባንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ነዳጅ ግን በየሊትሩ ይገዛል። ምርቱ ሳይሸጥ በእጁ ገንዘብ የሌለው ሰው፣ ዛሬ የሚችለውን ቢመርጥ ምን ይገርማል? በመቂና በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚያለሙት ብዙዎቹ መሬቱን የያዙት በኪራይ ነው። ሞተሩ በአህያ ተጭኖ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል፤ ትልልቁ የፀሐይ ሰሌዳ ግን ተተክሎ ይቀራል። በሰው መሬት ላይ ማን ይተክላል? ሌሊትስ ማን ይጠብቀዋል? ሞተር ቢበላሽ ጠጋኙ በቅርብ ከተማ አለ፤ የሶላሩ መቆጣጠሪያ ቢቃጠልስ? ቲማቲሙ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣቱ ገበሬውን ወደ ፀሐይ የሚገፋ ነው። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ወደቀ፤ ከውጭ በዶላር ለሚገዛው ሰሌዳ የሚከፈለውም ብር በዛ። አንዱ እጅ የገፋውን ሌላው መለሰው።

እንግዲህ «ፀሐይ በነፃ ነው» የሚል ስብከት ብቻውን አይበቃም። ብድሩ ምርት ሲሸጥ የሚከፈል፣ ወለድ በሃይማኖቱ ለተከለከለውም መንገድ ያለው፣ ዕቃው ዋስትና፣ ወረዳውም ጠጋኝ ያለው መሆን አለበት። ደግሞም ገበሬ ጎረቤቱን ያምናል፤ በአንድ ቀበሌ ሁለት በጋ ሳይቋረጥ ውሃ ያወጣ አንድ ፓምፕ ከመቶ ስብሰባ ይበልጣል።

የእኛስ ድርሻ? በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ታላላቆቻችን ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወርደው አንድ ዓመት አስተምረዋል። ዛሬም የቴክኖሎጂ ተማሪዎቻችን ክረምቱን በወረዳ ከተማ ተቀምጠው ለወጣቱ ጥገና ቢያስተምሩ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቻችን የገበሬውን ሒሳብ ከራሱ አፍ ቢጽፉ፣ መምህራኖቻችንም ይህን ከትምህርት ቢቈጥሩልን ከባድ አይሆንም። ገበሬውን «አላወቀም» ከማለታችን በፊት ሄደን እንጠይቀው!