የተቆጠረ ሁሉ አይሠራም

ሰኔ ሲገባ በየትምህርት ቤቱ ሥራ ይደራረባል። ፈተና ይታረማል፣ ሮስተር ይሞላል፣ ካርድ ይዘጋጃል። በዚሁ ጥድፊያ መሐል ቆጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ንብረት ይቆጠራል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና። ኮሚቴው መዝገቡን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፦ ኮምባይንድ ዴስክ ይህን ያህል፣ ሰሌዳ ይህን ያህል፣ ቁም ሳጥን ይህን ያህል። ቁጥሩ ከመዝገቡ ከተስማማ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ወደ ወረዳ ይላካል። አንድ እግሩ የወለቀው ዴስክ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ዘንድሮ የተገዛውም አንድ ነው።

የትምህርት ቤቶቻችን የንብረት አያያዝ ንብረት እንዳይጠፋ ለመጠበቅ የተዋቀረ ነው፤ እንዳይበላሽ ለመንከባከብ ግን አልተዋቀረም። ብልሽቱን ሁሉ በበጀት እጥረት ማሳበብ ልማዳችን ሆኗል። እጥረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያለንን ዕቃ ዕድሜውን ሳይጨርስ የምናጣው ስለ እንክብካቤው አንድም ሰው ስለማይጠየቅ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ቢን ካርዱ ላይ ይመዘገባል። የተረከበ መምህር ሲዛወር ክሊራንስ ይጠየቃል፤ የጎደለ ወይም በእጁ የተሰበረ ካለ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ግን ከዚህ ሰንሰለት የትኛውም ቅጽ ላይ «ይህ ዕቃ መጨረሻ የታየው መቼ ነው? ምን ጎድሎታል? ማን ጠገነው?» የሚል ጥያቄ ማግኘት ይቸግራል። የጠፋ ዕቃ ባለዕዳ አለው፤ በእንክብካቤ ማጣት የተበላሸ ዕቃ ግን ባለቤት የለውም።

የመክፈል ፍርሃት የሚያመጣውን ጉዳት ቤተ ሙከራ ውስጥ ማየት ይቻላል። ማይክሮስኮፕ የተረከበ መምህር ቢሰበርብኝ እከፍላለሁ ብሎ ስለሚሰጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ክረምት ሲሆን እርጥበቱ ሳጥኑ ውስጥ ይታመቃል፤ ብርሃንና አየር በሌለበት ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያድጋል። ሻጋታው መስተዋቱን እየበላ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ሰኔ ላይ ቆጣሪው ሲመጣ ማይክሮስኮፑ በቦታው አለ፤ መዝገቡም ትክክል ነው። ዓይኑ የጠፋ መሣሪያ በሙሉ ጤንነት ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል። ተማሪው ደግሞ የሽንኩርት ሴል ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አይቶ ትምህርቱን ይጨርሳል።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ከውጫሌ አልፎ መርሳ ሳይደረስ በምትገኘው ውርጌሳና በሌሎቹ የሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ላይ ይህ ጉዳይ በእጥፍ ይከብዳል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ ዘልቆ አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ የውጊያና የዘረፋ ቀጣና ሆኖ ነበር። በአማራ ክልል በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ወንበር ለማገዶ ነዷል፣ ኮምፒውተር ተጭኖ ተወስዷል፣ ሰነድ ተበትኗል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ሌላ ጫና ጨመረበት። በሩ ለወራት የተዘጋ ትምህርት ቤት ጥይት ባያገኘውም ዝናብና ምስጥ ያገኙታል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለፈበት አካባቢ መልሶ ግንባታን ቢያስቀድም አይፈረድበትም። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበር ከአባላቱ በሚያሰባስበው መዋጮ የመማሪያ ክፍሎችን ሲገነባ ቆይቷል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. የጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ሕዝቡን ለዚሁ አስተባብሯል። ሆኖም አዲስ ብሎክ ሪባን ሲቆረጥለት የምናየው የመጀመሪያ ቀኑን ነው፤ ዐሥረኛ ዓመቱን የሚወስነው ከዚያ በኋላ የሚደረግለት ትንንሽ ነገር ነው።

የጣሪያ ሚስማርን እንውሰድ። ከራሱ ሥር ያለችው ጎማ በፀሐይ ደርቃ ትሰነጠቃለች። ሐምሌ ላይ ውሃው በቀዳዳው እየሰረገ የጣሪያውን እንጨት ያረጥባል፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። የጭቃው ልስን ያብጥና ይረግፋል፤ የራሰውን እንጨት ምስጥ ይወርሰዋል። በሁለትና በሦስት ክረምት ውስጥ ግድግዳው ያዘማል፤ ያኔ «አዲስ ክፍል ይሠራልን» የሚል ደብዳቤ ለወረዳ ይጻፋል። በመጀመሪያው ዓመት መሰላል፣ መዶሻና ጥቂት ሚስማር ይበቃው ነበር። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በርም እንዲሁ ነው። ማጠፊያው ሲወልቅ በሩ ይጋደማል፤ በር የሌለው መጸዳጃ ቤት ሴት ተማሪ አትገባም፤ በወር አበባዋ ሰሞን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ለአንድ ማጠፊያ ሲባል የትምህርት ቀን ይባክናል።

ይህ የገጠር ትምህርት ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ትልቅ ወጪ የወጣበት ነበር። መሣሪያው ሲገዛ መለዋወጫውና ጠጋኙ አብረው ባለመታሰባቸው ስንቱ ስክሪን ጨልሞ ግድግዳ ላይ ቀረ። ግዥን ከጥገና የነጠለ ዕቅድ ሀብታምም ድሃም ዘንድ ውጤቱ አንድ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ማለቱን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ ቅጠሉን የሚቆርጥ ሰው ግን በመዋቅሩ ውስጥ የለም። እርሱን ለማስገባት ከባድ ነገር አያስፈልግም። አንደኛ፣ የቆጠራ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ ይሠራል፣ ይጠገናል፣ ይወገዳል። ሁለተኛ፣ የሁኔታ ፍተሻው ከሒሳብ መዝጊያው ተለይቶ ወደ ግንቦት መጀመሪያ ይምጣ። ሰኔ 30 የሚታወቅ ብልሽት የሚጠገንበት በጀትም ደረቅ ወቅትም የለውም፤ በማግስቱ ሐምሌ ነው። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ከሚያገኘው ድጎማ (ስኩል ግራንት) ላይ ወላጅ መምህር ኅብረቱ የሚወስነው ድርሻ ለጥቃቅን ጥገና አስቀድሞ ይያዝ። እንደ ውርጌሳ ባለ የመንገድ ዳር ከተማ ብየዳ ቤት አይጠፋም፤ የዴስክ እግር ማስበየድ አዲስ ዴስክ ከማሠራት ጋር አይወዳደርም። አራተኛ፣ በሥራ ላይ እያለ ያረጀና የተሰበረ ዕቃ ለመምህሩ ዕዳ አይሁን፤ ያኔ ማይክሮስኮፑ ከቁም ሳጥኑ ይወጣል። አምስተኛ፣ የመዝገቡ ቅጂ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ የጠፋበትን በማስረጃ መዘርዘር የማይችል ትምህርት ቤት ምትክ ሲጠይቅም ይቸገራል።

መምህራን «በዚህ ሁሉ ሥራ ላይ ሌላ ወረቀት?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ደመወዙ ኑሮውን ለማይችልለት መምህር ተጨማሪ ቅጽ ማሸከም ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ቅጽ ይጨመር አይደለም፤ ያለው ቅጽ ጠቃሚ ነገር ይጠይቅ ነው። ጣሪያው ለተነሣ፣ ግድግዳው ለፈረሰ ትምህርት ቤትም መልሱ ጥገና ሳይሆን ግንባታ መሆኑ ግልጽ ነው። ግን የተገነባው ነገ መልሶ እንዳይፈርስ ዛሬውኑ ተንከባካቢ ሊመደብለት ይገባል።

ካይዘን የተባለውን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ የሚያራምድ ኢንስቲትዩት ካቋቋምን ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖናል፤ የካይዘን አምስቱ «ማ»ዎችም በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ተለጥፈዋል። የመጀመሪያው ማጣራት ነው፦ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት። በዚሁ መንፈስ ወረዳው ርእሰ መምህርን ሲገመግም «ስንት ዕቃ አለህ?» ከማለት ይልቅ «ካለህ ዕቃ ስንቱ ይሠራል? ካቻምና ከነበረውስ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ብሎ ቢጠይቅ ርእሰ መምህሩም መጋዘን ጠባቂውም የሚያስቡት ነገር ይለወጣል። ለዚህ አዲስ አዋጅም የውጭ ብድርም አያስፈልግም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአንድ ሰርኩላር ሊያስጀምረው ይችላል፤ ማስጀመርም አለበት።