ልብስ ሰፊዎችና አታሚዎች፣ ፈቃዳችሁን ፈትሹ

ልብስ ለምትሰፉ፣ ቲሸርት ለምታትሙ፣ ዩኒፎርም ለምታቀርቡ፣ ጥልፍና ጥለት ለምትነግዱ ሁሉ ይህ ማንቂያ ነው። በብዙ ወርክሾፖቻችን ሁለት ዓይነት ያልተፈቀደ ነገር ተደራርቦ ተቀምጧል። አንዱ ጨርቁ ላይ የሚታተመው የሌላ ሰው አርማ፣ ሥዕል ወይም ስም ነው። ሌላው ሳይከፈልበት ከፍላሽ ላይ ተገልብጦ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ሶፍትዌር ነው። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀባቸውምና የተፈቀዱ መስለዋል። ጠያቂው ግን እየመጣ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከአባልነት ጋር የሚመጣው ትሪፕስ የተባለው የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ደግሞ ሆን ብሎ፣ ለንግድ በሚሆን መጠን የንግድ ምልክት የሚያስመስልን ሰው አባል አገራት በወንጀል እንዲቀጡ ያስገድዳል። ያን ጊዜ ቤታችንን ለማጽዳት ብንሯሯጥ ጊዜው አልፏል።

በአርሰናል ልጀምር፤ ማሊያው ያልተሰቀለበት የልብስ ገበያ ማግኘት ይቸግራልና። ማቲው ሪድ የሚባል ነጋዴ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በለንደኑ ሃይበሪ ስታዲየም አጠገብ የክለቡን ስምና አርማ የያዙ ሻርፖችና ልብሶች ሲሸጥ ኖሯል። እቃዎቹ ከክለቡ ፈቃድ እንደሌላቸው የሚናገር ጽሑፍ በግልጽ ሰቅሎ ነበር። ማንንም አላታለለም። ክለቡ ግን ከሰሰው። ጉዳዩ ለአውሮፓ ፍርድ ቤት ቀረበና በ2002 ምልክቱ የደጋፊነት መግለጫ ተደርጎ መታየቱ ነጋዴውን እንደማያድነው ተወሰነ። በ2003 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአርሰናል ፈረደ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሸጥ የኖረ ሰው በመጨረሻ ተሸነፈ። እኛ ዘንድ በየሱቁ የሚሰማው መከላከያም ያው ነው፤ «ገዢው ፎርጅድ መሆኑን እያወቀ ነው የሚገዛው» እንላለን። የገዢው ማወቅ የባለ ምልክቱን መብት አያጠፋውም።

ሕጉ እዚህም አለ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 720 ደግሞ የሌላን ሰው ምልክት ሆን ብሎ የሚያስመስል ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ ስንት የማተሚያ ቤት ባለቤት አንብቦታል? የማውቃቸውን ባስብ፣ በጣም ጥቂቶች ናቸው።

የእግር ኳሱን ትተን ወደ ራሳችን በዓል፣ ወደ አድዋ እንምጣ። የካቲት 23 ሲቃረብ ማተሚያ ቤቶች ሌሊቱን ጭምር ይሠራሉ። የአጼ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ምስል፣ ጋሻና ጦር፣ ፈረሰኛ የታተመበት ቲሸርት በየመንገዱ ይሸጣል። በዘመኑ የተነሣው ፎቶግራፍ የጥበቃ ዘመኑ አልፏል። ነገር ግን ብዙ ቲሸርት ላይ የምናየው ምስል በቅርብ ዓመታት አንድ ወጣት ሠዓሊ በኮምፒውተር ሥሎ በገጹ ላይ የለጠፈው ነው። ሌላው ከቴሌግራም ያወርደዋል፣ ከጥጉ ላይ ፊርማውን ይቆርጥና «ይህን 300 ፍሬ አትምልኝ» ብሎ ለማተሚያ ቤቱ ይልካል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዚያ ሠዓሊ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ጥበቃውን ለማግኘት ሥዕሉን ማስመዝገብ እንኳ አይጠበቅበትም። «ፋይሉን ያመጣው ደንበኛው ነው» ማለት አታሚውን ነፃ አያወጣውም፤ ያባዛው እርሱ ነውና። የአድዋን ክብር ከአንድ ልጅ በተዘረፈ ድካም ማክበራችን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። በአንድ የልብስ ማምረቻ ቢሮ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ጸረ ቫይረሱ መጥፋቱን የሚያስጠነቅቅ ቀይ መስኮት ብቅ ይላል፤ እርሷ ሳታነበው ትዘጋዋለች። ለምን እንደጠፋ ስጠይቃት፣ ሶፍትዌሩን የጫነላቸው ልጅ «ክራኩን ይበላዋል፣ እንዳታበሩት» ብሎ እንዳስጠነቀቃቸው ነገረችኝ፤ ክራክ ያልተከፈለበትን ሶፍትዌር የሚያሠራው መክፈቻ ነው። እዚያው ማሽን ውስጥ የድርጅቱ ሙሉ የፓተርን ፋይል፣ የደንበኞች ዱቤ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የተያዘ የዓመታት ሒሳብ ተቀምጧል። መጠባበቂያ ቅጂው የት እንዳለ ስጠይቅ ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ፎልደር አሳየችኝ። ፒችትሪ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ግን አሁንም አሮጌውን ቅጂ ከቢሮ ቢሮ እያዞርን እንጭናለን። የዲዛይን ክፍሉ ፎቶሾፕና ኮረል ድሮም በዚያው መንገድ የገቡ ናቸው።

ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። የመጀመሪያው ቫይረስ ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ያልታደሱ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን እየፈለገ በ150 ገደማ አገራት ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ እንዳይታደስ ተደርጎ ስለሚቀመጥ ለእንዲህ ያለው ጥቃት የተመቻቸ ነው። ፓተርኑና ዱቤው በአንድ ሌሊት ከተቆለፈ፣ ያ ማምረቻ በማግስቱ ምን ይቆርጣል? ከማንስ ይሰበስባል?

ሁለተኛው ብዙ ላኪዎቻችን ያልሰሙት ነው። በጃንዋሪ 2013 ያኔ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበረችው ካማላ ሃሪስ ሁለት የውጭ አምራቾችን ከሰሰች፤ የሕንዱን ፕራቲባ ሲንቴክስና የቻይናውን ኒንግቦ ቢዮንድን። ክሱ ስለ ጨርቁ ጥራት ወይም ስለ ሠራተኛ አያያዝ አልነበረም። ያልተከፈለበት ሶፍትዌር ተጠቅመው አምርተዋል፣ ወጪያቸውን በዚህ መንገድ ቀንሰው ከፍለው ከሚሠሩ የካሊፎርኒያ አምራቾች ጋር ያለ አግባብ ተወዳድረዋል የሚል ነበር። የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ሕግ አውጥቷል፤ ሕጉ በተወሰነ ሁኔታ ትልልቅ ገዢዎችን ጭምር ተጠያቂ ያደርጋል። የአሜሪካ ገዢ እናንተን ከማዘዙ በፊት ስለ ኮምፒውተራችሁ የሚጠይቃችሁ ለዚህ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በገባው የፈረንጆች ዘመን ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ወጣች። ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድሉ ሲወሰድ፣ ገዢ የሚመርጠን በሥራችንና በመዝገባችን ንጽሕና ብቻ ሆኗል።

መዝገብ ስል ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝን እየተናገርሁ ነው። ፈቃድ አግኝቶ የክለብ ወይም የኩባንያ አርማ ማተም የሚፈልግ ሰው ዕድሉ ሲመጣለት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ባለ አርማው ከእያንዳንዱ የጅምላ ሽያጭ የተስማሙበትን መቶኛ ሮያሊቲ ይቀበላል፣ በየሩብ ዓመቱ ዝርዝር ሪፖርት ይጠይቃል፣ መዝገባችሁን የማስመርመር መብትም በውሉ ይይዛል። ለምሳሌ 1,000 ቲሸርት ቆረጣችሁ እንበል፤ የጅምላ ዋጋው 400 ብር፣ ሮያሊቲው 10 በመቶ ነው። ሪፖርታችሁ 820 ተሸጠ ይላል። መጋዘን 90 አለ። 30 ስፌቱ ተበላሽቶ ወጥቷል። መርማሪው ደምሮ 940 ያገኝና «60ዎቹስ?» ይላችኋል። አንዱን ለናሙና ሰጥተናል፣ ጥቂቱን ሠራተኛ ወስዷል፣ ቅርንጫፍ ሱቁም የተወሰነ ሳይኖረው አይቀርም ብላችሁ በቃል ብታስረዱ አይሰማም፤ እንደተሸጡ ተቆጥረው ሮያሊቲያቸው ይጠየቃል። ገንዘቡ 2,400 ብር ነው። ውሉን የሚያፈርሰው ግን ገንዘቡ ሳይሆን የጠፋው እምነት ነው።

ቀጥሎ ስለ 30ዎቹ ብልሽት ይጠይቃችኋል። አርማው እንዳለ መርካቶ በርካሽ ከተለቀቁ፣ ያ ራሱ ውል መጣስ ነው። ብልሽት መወገዱ ወይም አርማው መነሣቱ በቀንና በቁጥር ተመዝግቦ መታየት አለበት። ውሉ የሚያልቅበት ቀንም እንዲሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተሸጠ አንድ ቲሸርት ፈቃድ ካልነበረው ቲሸርት እኩል ነው። ይህን ሁሉ በአንድ የደብተር ገጽ መያዝ አይቻልም። የንግድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ዲዛይን መለያ ቁጥር ይኖረዋል፣ በሳይዝና በቀለም ከቆረጣ እስከ ሽያጭ ይከተለዋል፣ ከየትኛው ውል ጋር እንደተያያዘና ውሉ መቼ እንደሚያበቃም ያሳያል።

ገንዘብ የለንም የሚል ካለ እረዳዋለሁ፤ የውጭ ምንዛሪውም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ለመስረቅ የሚያስገድድ ምክንያት አላየሁም። የኦዱ ኮሚውኒቲ ቅጂና ኢአርፒኔክስት ያለ ፈቃድ ክፍያ ይጫናሉ፣ ክምችትና ሽያጭ ይይዛሉ። ለዲዛይን ኢንክስኬፕና ጊምፕ፣ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ፣ ለፓተርን ቫለንቲና አሉ። የሚጭንና የሚያሠለጥን ባለሙያ መክፈል ያስፈልጋል፤ ክፍያው ግን እዚሁ አገር በብር የሚፈጸም ነው።

የራሳችንንም እንዲሁ ክፍት ትተነዋል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ቻይና ውስጥ በፖሊስተር ላይ እየታተመ ወደ ገበያችን ይመለሳል፤ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላለው ወገናችንም ይሸጥለታል። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ በእጁ ለሳምንታት የለፋበት አዲስ ጥለት በስልክ ፎቶ ይነሣና ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጣቃ ይመጣል። የድሮው ጥለት የሁላችን ነው፣ ማንም ለብቻው አይይዘውም። አዲስ የፈጠራችሁትን ግን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት እንደ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ሕጉ ንድፉ አዲስ እንዲሆን ይጠይቃልና ገበያ ከከረመ በኋላ መሄድ አይጠቅምም። ጥበቃው እዚህ ብቻ እንደሚሠራም እወቁ፤ ውጭ የምትሸጡ ከሆነ እዚያም ማስመዝገብ አለባችሁ። በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አገሪቱ ስለ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ ቡና ስሞች ከስታርባክስ ጋር የፈቃድ ስምምነት መፈራረም የቻለችው ስሞቹን ውጭ አገር ለማስመዝገብ አስቀድማ ስለተንቀሳቀሰች ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር የሚሠራ ሥራ አለ። የምታትሙትን አርማና ሥዕል ሁሉ ዘርዝሩ፤ የጽሑፍ ፈቃድ የሌለውን አቁሙ። ደንበኛ ፋይል ሲያመጣ ባለቤትነቱን ወይም ፈቃዱን የሚያረጋግጥ ወረቀት አስፈርሙት። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ፓተርኑንና ሒሳቡን ከሕንፃው ውጭ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ገልብጡ። የሱቃችሁን ስም ደግሞ ይዛችሁ ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሂዱ። በአገራችን የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ስማችሁ ገበያ ላይ ታዋቂ ሆኖ ሳይመዘገብ ከቆየ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊያመለክትበት ይችላል፤ ያን ጊዜ በገዛ ስማችሁ ተከሳሽ ሆናችሁ ትቆማላችሁ።