የቢራቢሮ ጌጥና የወፍ መንቁር

ሰው የቢራቢሮን ክንፍ ኅብረ ቀለም እያየ የፈጣሪን ጥበብ ሲያደንቅ፣ ያንኑ ቢራቢሮ ከአየር ላይ ቀልቦ የሚውጠውን ወፍ ግን እንደ ጨካኝ ወንበዴ መቍጠሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ የሥነ ፍጥረትን ሥርዓት በግማሹ ብቻ አይቶ መፍረድ ነው።

በኮስታ ሪካ ቆላማ ደኖች ዳርቻ የሚኖረው፣ ጃካማር የተባለው አረንጓዴ ወፍ፣ መንቁሩ እንደ ወስፌ ረጅምና ሹል ነው። ከቅርንጫፍ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ራሱን ወዲህና ወዲያ እያዞረ ይጠብቅና፣ ቢራቢሮ ሲያልፍ ተወርውሮ ይዞት ይመለሳል፤ ከዚያም ክንፎቹ እስኪረግፉ ድረስ ከእንጨቱ ጋር እያላተመ ሥጋውን ይውጣል። ነገር ግን ያገኘውን ሁሉ አይበላም። ሄሊኮኒየስ የሚባሉት፣ ቀይና ቢጫ ኅብራቸው ከሩቅ የሚለይ መርዛም ቢራቢሮዎች፣ በፊቱ እያዘገሙ ሲያልፉ አይቶ ይተዋቸዋል፤ ቢይዛቸውም ቀምሶ የሚለቅበት ጊዜ አለ። ሥጋቸው የሚጣፍጠው ግን የሚድኑት ፈጥነው በመብረር ነው።

ከዚህ ምርጫ ምን እንደሚወለድ አስቀድሞ የተረዳው እንግሊዛዊው ሊቅ ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ወደ አማዞን ሄዶ 11 ዓመት ከተቀመጠ በኋላ፣ በ1862 በታተመው ጽሑፉ፣ መርዝ የሌላቸው አንዳንድ ቢራቢሮዎች የመርዛሞቹን መልክ ለብሰው እንደሚኖሩ ገለጠ፤ አዕዋፍ በየትውልዱ መልካቸው ያልተመሳሰለላቸውን ሲለቅሙ፣ መርዛሙን አብልጦ የመሰለው ተርፎ ዘሩን ይተካልና።

ይህ ነገር በአገራችንም አለ። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የተባለው ቢራቢሮ በአብዛኛው የአፍሪካ ምድር ሴቶቹ ጅራት የሌላቸውና መርዛሞችን የሚመስሉ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ግን ብዙዎቹ ሴቶች ባለ ጅራቱን ወንድ ይመስላሉ፤ የመርዛሞቹን መልክ የያዙት ጥቂቶችም ቢሆኑ ጅራታቸውን አልጣሉም። እንዲህ ያለው ድንቅ ነገር ለተማሪዎቻችን በመጽሐፍ ሲሳል ወፉ ከሥዕሉ መቅረት የለበትም።

በመስተዋት ቤት ውስጥ፣ ወፍ በማይደርስበት፣ ቢራቢሮ እያረቡ ጠበቅነው ማለት ስለዚህ አያጠግበኝም። በጃካማር አገር ለቢራቢሮ ደን የሚከልሉ ሰዎች፣ ትሉ የሚበላውን ቅጠል ብቻ ሳይሆን፣ ወፉ ጎጆውን የሚቦረቡርበትን የአፈር ገደልና የምስጥ ኩይሳ ጭምር ሊከልሉ ይገባቸዋል።