ከሊፍቱ በፊት ወለሉ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና እየጠገኑ ማኖር ግድ ሆኗል። በሐዋሳው አዲስ ከተማም ሆነ በሌላ ሰፈር ግቢውን ጋራዥ ያደረገ መካኒክ፣ ክሪክና ድንጋይ ሰልችቶት ባለሁለት ምሰሶ ሊፍት ቢመኝ አይፈረድበትም። በወጉ የተተከለ ሊፍት ከክሪክ ይሻላል። ጥያቄው ምን ላይ ተተከለ ነው።

የሊፍቱ ክንዶች ወደ ውስጥ ስለሚዘረጉ ጭነቱ ምሰሶዎቹን ለማጋደል ይታገላል። ያንን ጉልበት የሚመክቱት ቡሎኖቹና ቡሎኖቹ የነከሱት ኮንክሪት ናቸው። ብዙ አምራቾች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ያልተሰነጠቀና በቂ ጊዜ ወስዶ የጠነከረ ኮንክሪት ይጠይቃሉ፤ የተለመደው 28 ቀን ነው። ሊሾ ግን ኮንክሪት አይደለም። ላዩ ቢያምርም ከሥሩ ያለው ስስ ከሆነ ቡሎኑ የያዘው ነገር የለም። ሐዋሳ ደግሞ መሬቷ የሚንቀጠቀጥ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። መፍትሔው ምሰሶዎቹ የሚቆሙበትን ወለል ቆርጦ ማውጣት፣ ፌሮ አስሮ እንደ አምራቹ መመሪያ አዲስ ኮንክሪት ማፍሰስ ነው።

ሁለተኛው አደጋ «ትንሽ ማስተካከያ» የሚባለው ነው። ጣሪያው ዝቅ ሲል ምሰሶውን መቁረጥ፣ ክንዱ ሲያጥር በብየዳ ማስረዘም። በያጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ክንዱ በረዘመ ቁጥር ያው መኪና በመገጣጠሚያውና በቡሎኑ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይጨምራል። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ወይም አጭር ሊፍት መግዛት ይሻላል።

ሦስተኛው መብራት ነው። መኪናው በሊፍቱ መቆለፊያ ላይ ካረፈ፣ ለማውረድ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ መደረግ አለበት። መብራት ከጠፋ እዚያው ይቀራል። ይህን ፈርቶ መኪናውን በዘይት ግፊት ብቻ አንጠልጥሎ መሥራት ያጓጓል። የተሰቀለ መኪና መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የወደቀ ግን አይመለስም።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የወለሉን ወጪ ከሊፍቱ ዋጋ ጋር አብሮ ማስላት ነው። ሁለቱን የማይችል ሊፍቱን ለጊዜው ይተወው።

ምክንያቱም ከመኪናው ሥር የሚገባው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ረዳቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የግቢ ጋራዥ ትንሽ ስለሆነ ከዚህ ግዴታ ሊያመልጥ አይገባም። ሻጩም ሊፍቱን ከማስረከቡ በፊት ወለሉን ይይ፤ የከተማው ተቆጣጣሪም የፈቃዱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ቡሎኑን ይመልከት። ረዳቱም «እዚህ ሥር አልገባም» ሲል እንደ ሰነፍ አይቆጠር።