ዕጣኑ ከየት ይመጣል?

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት በሚከበርበት ሌሊት ካህኑ ማዕጠንቱን ይዞ መቅደሱን ሲዞር የሚያርገው ጢስ ለምእመናን እንግዳ አይደለም። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መምጣታቸውን ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 2 መዝግቦልናል። ምሥጢሩም በየዓመቱ ይሰበካል። ዕጣኑ ራሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ምንጩም በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ግን ብዙ ሲነገር አይሰማም።

ከጎንደር ደጋ ወርዶ ሳንጃን፣ መተማንና ቋራን ይዞ እስከ ሱዳን ድንበር በሚዘልቀው ቆላ፣ ሌላው ተክል ሥር ለመስደድ በሚቸገርበት ድንጋያማ ተረተር ላይ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላላጥ ዛፍ ይበቅላል። ዝናቡ ሲያቆም ቅጠሉን አራግፎ ዕርቃኑን ይቀራል። በዚያው ዕርቃኑ፣ ምድሩ በሙሉ በደረቀበት ወቅት ያብባል፤ ለንብም ቀለብ ይሆናል። ይህን የሠራ ፈጣሪ ጥበቡ እንዴት ያለ ነው! ዕጣን የምንለውም ዛፉ ሲቆስል ቁስሉን ለመድፈን የሚያወጣው ሙጫ ነው። አምራቹ ከጥቅምት ጀምሮ ክረምት እስኪገባ ግንዱን በስለት ይልጠዋል፤ ሙጫው ደርቆ ሲለቀም ያው ቁስል እንደገና ይታደሳል። የልደት በዓል የሚውለው እንግዲህ ዛፉ በሚደማበት ወቅት እኩሌታ ላይ ነው።

ቁስሉ በልክ ሲሆን ዛፉ ይችለዋል። ሲበዛና ዕረፍት ሲያጣ ግን የሚሰጠው ዘር ቁጥሩ ያንሳል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል፤ የተዳከመውን ግንድ ደግሞ ነቀዝ ይገባበታል። ከዘሩ የበቀለውን ቡቃያ ከብት ይግጠዋል፣ የበጋ እሳት ይፈጀዋል። ሰሊጥና ጥጥ የሚዘራበት እርሻ እየሰፋ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሠፈራም ተጨምሮ፣ ደኑ ከየአቅጣጫው ተቆርሷል። ይህን ስንል የተቸገረውን ሰፋሪ ወይም በላቡ የሚያድረውን ዕጣን ለቃሚ ለመውቀስ አይደለም፤ ዕጣኑን የምናጤሰው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የሱዳንን የዕጣን ደኖች መርምሮ የወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ለጋ ዛፍ እንዳልተገኘና ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስታውቋል። አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ይታያሉ፤ ልጆች ግን የሏቸውም።

ቤተ ክርስቲያናችን በቅጥርዋ ውስጥ የቆመውን ጽድና ወይራ ስታስከብር ኖራለች። ከቅጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ እጁን የሚዘረጋ ምእመን ጥቂት ነው። ታዲያ እንባው ከመቅደሱ ውስጥ የሚጤሰው የቆላው ዛፍ ከዚህ ክብር ውጪ የሆነው ስለ ራቀ ብቻ ነውን? ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ፣ ከፍሬዋም የዱር አራዊት ጭምር እንዲመገቡ ያዝዛል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። በጦርነት ያልተፈቀደ ነገር በሰላም ገበያ እንዴት ይፈቀዳል?

አራዊቱም አልተዘነጉም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ሲሣሉ እናያለን፤ በሥዕሉ ፊት የምንሰግድ ሰዎች በሕይወት ያሉትን አንበሶች ምን ያህል እናስባለን? በዚሁ ቆላ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ የአገሬው ሰው ድሮም የሚያውቃቸው አንበሶች በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ተረጋግጠው ለዓለም ተነግሯል። ደኑ ሲሳሳ መጠጊያ የሚያጡት እነርሱም ናቸው።

ሥራው ከአቅም በላይ አይደለም። በአንድ ግንድ ላይ የሚደረገውን ቁስል መቀነስና ዛፉን በየተራ ማሳረፍ ይቻላል። ቡቃያ ያለበትን ተረተር ከከብትና ከእሳት መከለል ለሳንጃና ለመተማ አጥቢያዎች የሚከብድ አይሆንም፤ ቅጥር መጠበቅን ከአባቶቻቸው ተምረውታል። በከተማ ያሉት ሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ዕጣን ሲገዙ ከየት እንደመጣና ዛፉ ዕረፍት አግኝቶ እንደሆነ ነጋዴውን ሊጠይቁት ይገባል፤ ለቡናዋ ዕጣን የምትገዛ እመቤትም እንዲሁ። ዛፉ ከዘር ብቻ ሳይሆን ከቅርንጫፍ ቁራጭም ሥር ይሰድዳል። ቁራጩ የሚወሰደው ዛፉ ቅጠል ከማውጣቱ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ከገና እስከ ክረምት ያሉት ወራት ቦታ ለመከለልና ጉድጓድ ለማዘጋጀት ይበቃሉ።